የአሮጌው ኮረብታ ቆርቆሮዎች

በአውስትራሊያ በረሃ ባለችው ከተማችን በኩበር ፒዲ፣ ሰው ጎንበስ ካለ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ አይቷል ማለት ነው። የጫማውን ክር ሊያስር የፈለገ እንኳ አስቀድሞ ግራ ቀኙን ይገላምጣል፤ አለዚያ ቀና ሲል ከኋላው ሰው ቆሞ ያገኛል። ሚስ ታነር የምትባለው ሴት መጥታ አሮጌው ኮረብታ ላይ ጠዋት ጎንበስ፣ ማታ ቀና ማለት ስትጀምር ከተማው በሙሉ ሥራ ፈታ።

«ምን አገኘች?»

«ቆርቆሮ።»

«ቆርቆሮው ውስጥስ?»

«ምንም። ባዶ ነው።»

ሰውን ያሳበደው ይህ «ምንም» ነው። ከጉድጓድ የወጣ ነጭ አፈር ሲበረበር ማየት ለእኛ አዲስ አልነበረም። ከባለቤቱ ዓይን ያመለጠ የኦፓል ፍንጣሪ ከቁልል ላይ መልቀም ማንም የማይከለክለው ሥራ ነው፤ እኛ ልጆችም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ውሏችን እዚያው ነበር። ነውሩ መልቀም ሳይሆን የለቀሙትን ማሳየት ነው። ይህች ሴት ግን የለቀመችውን በአደባባይ ዘርግታ ታሳያለች፦ የዛገ የሰርዲን ቆርቆሮ፣ የተጨማደደ የሲጋራ ፓኮ፣ የምላጭ መጠቅለያ፣ የድማሚት ሣጥን ክዳን፣ ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ የወንድ ሙታንታ። እያንዳንዱን እንደ እንቁላል በጋዜጣ ትጠቀልላለች፣ ምልክት ታስርበታለች፣ በእንጨት ሣጥን ትደረድራለች። ከአዴላይድ ከተማ፣ ከሙዚየም ነው የመጣሁት ብላለች። ድሮ እዚህ የቆፈሩ ሰዎች እንዴት እንደኖሩ ከጣሉት ዕቃ አጠናለሁ ብላለች።

ብላለች። የከተማችን ሰው ይህን ቃል የሚናገረው ከንፈሩን አጣሞ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እኔም አጣምሜ መናገር ተማርኩ።

የሱቁ ባለቤት ኮስማስ ነበር። እኛ ግሪኮች በዕድሜ የገፋን ሰው «ባርባ» ስለምንል ባርባ ኮስማስ እለዋለሁ። እሱ ነገሩን በአንድ ቀን ፈትቶ ጨረሰው።

«የግብር ሰላይ ናት፣» አለ፣ ቢራ እየቀዳ። «የበላነውን ቆጥራ ያገኘነውን ልታሰላ ነው። ብልህ የሆነ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ቆርቆሮውን ይቅበር።»

«እንዳንተ ዋጋ ከሆነማ የምንበላው ከምናገኘው ይበልጣል፤ መንግሥት ሊክሰን ነው፣» አለ ክሮአቱ ብራንኮ። ሰዉ ሳቀ። ብራንኮ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ቀስ ብሎ፣ «እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። አጥንት ነው የምትፈልገው ይላሉ» አለ።

«የምን አጥንት?»

 ብራንኮ በዓይኑ ወደ አባቴ ጠቆም አድርጎ ወደ ብርጭቆው ተመለሰ። አባቴ ፓንተሊስ የገዛውን የዱቄት ከረጢት ትከሻው ላይ አውጥቶ ወጣ፤ እኔም ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ተከተልኩት። በሩ ከኋላችን ሲዘጋ የማንም ድምፅ አልተሰማም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አጥንቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የክርስትና አባቴ የሲዴሪስ ነው። እሱና አባቴ የአንድ ደሴት ልጆች፣ የኪዮስ ልጆች ነበሩ፤ እኔን ከቅዱሱ ውኃ ካወጣኝ ወዲያ ደግሞ አበልጅ ሆኑ፤ አንድ ጉድጓድ አብረው ቆፈሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች ከትልቅ ከተማ መጥተው ኮስማስ ሱቅ ውስጥ የሲዴሪስን ፎቶግራፍ አሳዩ። በማግስቱ ሲዴሪስ የለም። «ወደ ኩዊንስላንድ ሄደ» አለ አባቴ። የእሱ ፒካፕ መኪና ግን በራችን ላይ ቆሟል። ቦት ጫማው አልጋው ሥር ነው። ያን ሰሞን ደግሞ አባቴና እሱ ቀይ እሳት ያለበት ጥሩ ኦፓል አግኝተው ነበር። ከተማው ይህን ሁሉ ለመደመር ብዙ አልደከመም። ያ ምድር እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ሰው ለመግደል ጥይት አያስፈልግም፣ በትከሻ ገፋ ማድረግ ይበቃል።

በየሜዳው «ወደ ኋላ አትራመዱ፣ ጉድጓድ አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተተክሏል። ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ ይህን ለእኔ አሻሽለውልኝ ነበር። «አርጊሮ፣ ወደ ኋላ አትራመጂ፣ አባትሽ ከኋላሽ ነው።» የተናገረውን ልጅ አፍንጫ በቡጢ እመታለሁ፤ ቤት ስደርስ ግን አባቴን በጎን እያየሁ እበላለሁ።

ምክንያት ነበረኛ። አባቴ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከረጢት አንጠልጥሎ ወደ አሮጌው ኮረብታ ብቻውን ሲሄድ አይቻለሁ። እዚያ የሚቆፍር የለም፤ የድሮዎቹ ጨርሰው የተዉት ኮረብታ ነው። በቅዱስ ኢሲዶሮስ ቀን፣ ማለትም የክርስትና አባቴ ስም በሚከበርበት ቀን፣ እናቴ ዘቢብ ያለው ዳቦ ጋግራ በንጹሕ ፎጣ ጠቀለለችው። ለማን እንደሆነ ስጠይቃት «ለማንም» አለች። አባቴ ይዞት ወጣ። ተዝካር ነው ብዬ ደመደምኩ። ገዳይ ለገደለው ሰው ዳቦ ይወስዳል፣ መቃብሩ ላይ ቁጭ ይላል፣ ይቅር በለኝ ይለዋል። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ይህ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ።

የእኛ ቤት እንደ ሌላው ሰው ቤት ኮረብታ ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ ነው። በር ያለው ዋናው መግቢያ ብቻ ሲሆን ክፍሎቹን መጋረጃ ይለያቸዋል፤ መጋረጃ ደግሞ ወሬ አይከለክልም።

«እስከ መቼ ነው ይህን ስም ተሸክመን የምንኖረው?» ትላለች እናቴ ፍሮሶ። «ልጄ ዛሬም የሰው አፍንጫ አድምታ መጣች።»

«ዝም በይ። ግድግዳ ጆሮ አለው።»

«ግድግዳ ጆሮ ቢኖረውማ እውነቱን ሰምቶ በፈረደልህ ነበር።»

«ፍሮሶ፣ ያቺ ሴትዮ በየትኛው ወገን ነው የምትበረብረው?»

«በሰሜኑ ነበር። ነገ ወደ ምዕራቡ ትዞራለች አሉ።»

የአባቴ ማንኪያ ሳህኑ ላይ መንኳኳቱን አቆመ። ትንሽ ቆይቶ በመጋረጃው በኩል ጠራኝ። «አርጊሮ፣ አልተኛሽም፣ አውቃለሁ። ከዚያች ሴት ዘንድ እንዳትደርሺ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ስለዚህ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ምዕራቡ ወገን ሄድኩ። ፖሊስ መሆኗን ካረጋገጥኩ ለአባቴ ነግሬው ይሸሻል፤ ካልሸሸ ይሰቅሉታል። ነገሩ ለእኔ ይኸው ነበር። በዚያ አገር ሰው መስቀል ከቀረ ዓመታት እንዳለፉ የነገረኝ አልነበረም።

ሚስ ታነር በጉልበቷ ተንበርክካ አፈር በብሩሽ ትጠርጋለች። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። ባዶ ሣጥን ላይ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

«ፖሊስ ነዎት?» አልኳት።

«አይደለሁም። አንቺስ?»

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም። «አይደለሁም» አልኩ፣ ሳልወድ።

«ጥሩ። እንግዲያው ሁለታችንም ነፃ ነን።»

«ቆርቆሮ ምን ይነግርዎታል?»

«ቆርቆሮው? እሱ ውሸታም ነው፣» አለች፣ አንዱን አንስታ አቧራውን እያራገፈች። «ላዩ ላይ ምርጥ የኮክ ፍሬ ይላል፤ ምርጥ አልነበረም። የከፈተው ሰው ግን አይዋሽም። እዪ፣ ይኼ በቢላ ተወግቶ ነው የተከፈተው። ርቦታል፣ ምናልባትም ቆሞ ነው የበላው። ይኼኛው ስለቱን ወደ ውስጥ አጥፎታል፤ በልቶ ሲጨርስ ሻይ ሊጠጣበት ነው። ኩባያ የሌለው፣ ግን ለከንፈሩ የሚሳሳ ሰው።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ወዲያው ተናደድኩ። ፖሊስ ልጅ የሚያዋራው እንዲህ እያሳቀ ነው ብዬ አሰብኩ።

«አሁን ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር ላሳይሽ፣» አለች። በእሳት የጠቆረ የወተት ቆርቆሮ ገለበጠች። «ሰው ቆርቆሮ ለምን ከታች ይከፍታል?»

 እንዲህ የሚከፍት አንድ ሰው አውቅ ነበር። ሲዴሪስ ኩበር ፒዲ ከመምጣቱ በፊት የመርከብ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። «የቆርቆሮ አናት የአይጥ አደባባይ ነው፣ የኔ ልጅ፤ እኔ አደባባይ ላይ አልበላም» እያለ ሁልጊዜ ገልብጦ ነው የሚከፍተው። ውኃ በቦቴ ተጭኖ ስለሚሸጥ ቆርቆሮ የሚያጥብ በሌለበት ከተማ እንኳ ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም። 

«እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ። ሁሉም እዚሁ አካባቢ ነው፣» አለች፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ደግሞ ሁሉም ክብደታቸውን በግራም ነው የሚሉት።»

ግራም ቢልስ፣ አልኩ በሆዴ። አገሩ አውንስ ከሚባለው የክብደት መለኪያ ወደ ግራም የዞረው ገና በቅርቡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መምህራችን አሮጌውን ሠንጠረዥ ከግድግዳ ስትገነጥል አይቻለሁ። ሁለቱን ማገናኘት ግን አልቻልኩም። እኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ የሞተበትን ቦታ አገኘችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮስማስ ሱቅ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። አባቴ ጠረጴዛው ጥግ ቆሞ ሰርዲን ከፍቶ በዳቦ ይበላል። ፖሊሱም እዚያ ነው፣ ሲጋራ እየገዛ። ሚስ ታነር ያንን የጠቆረ ቆርቆሮ በመሀረብ ይዛ ገባች።

«ይቅርታ፣ ይህን ወተት በግራም መሸጥ የጀመሩት መቼ ነው?»

«ለምን ይጠይቃሉ?» አለ ባርባ ኮስማስ። «ግብሩን ከፍያለሁ።»

«ግብሩን አይደለም። መቼ እንደመጣልዎት ብቻ።»

«ባለፈው ገና ሰሞን። ከዚያ በፊት በአውንስ ነበር። ለምን?»

ፊቷ በራ። እንቆቅልሽ የፈታች ልጅ ነበር የምትመስለው። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ሱቅ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ክፋት ያልነበረባት እሷ ብቻ ናት፤ አደጋውን ያመጣችውም እሷ ናት። «እንግዲያው አልተሳሳትኩም፣» አለች። «አሮጌው ኮረብታ ላይ ሰው አለ። ከገና ወዲህ እዚያ የሚበላ አንድ ሰው አለ።»

 ብራንኮ ከወንበሩ ሳይነሳ ዞረ። ፖሊሱ ሲጋራውን ኪሱ ከተተ።

«ማን ነው?» አለ ፖሊሱ።

«እኔ ነኝ፣» አለ አባቴ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«ቤት አለህ፣ ሚስት አለችህ። እዚያ ሄደህ ምን ትበላለህ?»

«ከአበልጄ ጋር ነው የምበላው።»

«ሲዴሪስ እዚያ ነው?»

አባቴ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እዚያ ነው።»

«በሕይወት?»

አባቴ ዓይኑን ወደ ዳቦው መለሰ።  ከዚያ «ጉድጓዱ በምሥራቁ ወገን ነው» አለ። «የትኛው እንደሆነ ግን ተምታቶብኛል።»

ብራንኮ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሦስት ዓመት የያዘው ትንፋሽ ይመስል ነበር። እኔ ከዱቄት ከረጢቶቹ መሃል ቆሜ እጄን አፌ ላይ ጭኛለሁ። ሚስ ታነር አባቴን አየች፤ ከዚያ ፊቱ የተቀመጠውን የሰርዲን ቆርቆሮ አየች። እንደ ማንኛውም ሰው ከላይ ነው የተከፈተው።  የያዘችውን ቆርቆሮ ቀስ ብላ በመሀረቡ ሸፈነችው። የፈለገችውን ስላገኘች ዝም አለች ብዬ አሰብኩ። ጠላኋት።

አባቴ ዋሽቷል።

ሲዴሪስ ሕያው ነበር፤ በአሮጌው ኮረብታ ምዕራብ፣ የድሮ ቆፋሪ በተወው ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር። ከመርከብ ኮብልሎ የቀረ ሰው ነው፣ የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ቢያዝ የሚመለሰው በዚያን ጊዜ ግሪክን ወደሚገዙት ኮሎኔሎች ነው፤ እነሱ ደግሞ በመርከበኞች ማኅበር ምክንያት ወንድሙን ወስደው በሬሳ ሣጥን ነው የመለሱት። ከከተማችን አንድ ሰው ጠቁሞበታል። ማን እንደሆነ አባቴ አላወቀም፤ ስላላወቀም ማንንም አላመነም፣ እኔንም ጭምር። ሰውየው የሚሸሽበት መንገድ አንድ ነው፣ እሱም ይጠበቃል። ስለዚህ ደበቀው። ከተማው «ገድሎታል» ሲል አባቴ አላስተባበለም። የሞተን ሰው የሚፈልግ የለምና፣ ወሬው ከዋሻው የተሻለ መደበቂያ ሆነለት። ባዶ ቆርቆሮዎቹን ሲዴሪስ ከድሮዎቹ ጋር ቀላቅሎ ይጥላቸው ነበር። ቆሻሻን ማን ያያል? በዚያ ሰፊ አገር ቆሻሻ የሚያይ አንድ ሰው ነበረ፤ እሷም መጣች።

ዛሬ ለጎብኚ አውቶቡስ ማብራሪያ የሚሰጠው ጎረምሳ በምሥራቁ ወገን አንድ ጉድጓድ ያሳያል። «ግሪኩ አበልጁን የወረወረበት» ይላል። ባለፈው ዓመት ከቲኬት ገዢዎቹ ጋር ቆሜ ሰማሁት። ማስረጃህ ምንድን ነው ስለው «ሁሉም ሰው ያውቃል» አለኝ። ይህ ነው እንግዲህ ታሪክ የሚባለው። እውነቱ አዴላይድ ውስጥ፣ በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንኳን ሊያነቡት ሣጥኑን የከፈተ የለም። የሹማምንትን የወርቅ ሰዓት በመስታወት ያስቀምጣሉ፤ ሰዓት ስለ ሹሙ ምን ይናገራል? ሀብታም ነበር ይላል፤ ያንንማ ማንም ያውቃል። ሰው የበላበትን ቆርቆሮ «ቆሻሻ» የሚሉ ምሁራን ሳይ ደሜ ይፈላል። ከእነዚያ ቆርቆሮዎች ሌላ የእኔን አባት ንጹሕነት የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በነበረው ሳምንት ፖሊሱ አባቴን በየጠዋቱ ወደ ምሥራቁ ወገን ይወስደዋል። አባቴ አንዱን ጉድጓድ ያሳያል፤ ሰው በገመድ ይወርዳል፤ ባዶ እጁን ይወጣል። «ይህ ሳይሆን አይቀርም» ይላል አባቴ፣ ወደ ቀጣዩ እየጠቆመ። ከተማው ቁፋሮውን ትቶ፣ ወንበርና ቢራ ይዞ እዚያው ይውላል። ስንት ሰው እንደነበር አላውቅም፤ በምዕራቡ በኩል ግን ማንም አልነበረም።

ከቀኖቹ በአንዱ ሚስ ታነር ቤታችን መጣች። መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«ተሳስቼ ነው ብዬ ብናገር አያምኑኝም፣» አለች። «የተናገርኩትን መመለስ አልችልም። ሌላ ነገር ግን እችላለሁ።»

«ለምን ሲሉ?» አለች እናቴ።

«ምክንያቱም ነገሩን እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

«ይህንንም ፖሊሱ እንዲህ በይ ብሎዎት ቢሆንስ? በምን አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣» አለች ሚስ ታነር። «ማወቂያም የለዎትም። ነገ ጠዋት ነው የምሄደው።»

 እናቴ የጣት ቀለበቷን እንጨት ላይ ስታንኳኳ ይሰማኛል። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ «ቦታ ይበቃዋል?» አለች።

«ቀጭን ነው፤ አይቼዋለሁ። ሣጥኖቹን ከላይ እደረድርበታለሁ። መንገድ ላይ ቆርቆሮ የሚፈትሽ የለም።»

እናቴ አለቀሰች፤ ከዚያም የሴትዮዋን እጅ ሳመች። እኔ ግን ያሰብኩት አጥንቱን ነው። አጥንት ቀጭን መሆኑ አይደንቅም። እናቴ አጥንቱን አሳልፋ ሰጠች፤ ምናልባት አባቴን እንዳይሰቅሉት ተደራድራ ይሆናል። የክርስትና አባቴ ግን ያለ ቄስ፣ ያለ ሻማ፣ ከሰርዲን ቆርቆሮ ጋር ተጭኖ ሊሄድ ነው። ይህን ፈጽሞ አልፈቀድኩም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው ሁሉም ምሥራቅ ነው። እኔ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መኪና ሁሉ ቀስ በሚልበት ከብት እንዳያልፍ መንገዱ ላይ በተዘረጋው የብረት ፍርግርግ አጠገብ ቆምኩ። የእሑድ ቀሚሴን ለብሻለሁ። የሚስ ታነር ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሳ መጣ። ከኋላ ሣጥኖች በሣጥን ላይ ተደራርበው በገመድ ታስረዋል። መሃል መንገድ ላይ ገባሁ። ቆመች።

«አርጊሮ፣ ከመንገድ ውጪ፣ እባክሽ።» ድምፅዋ ፈራ ያለ ነበር።

 ወደ መኪናው ኋላ ዞሬ ከመሬት ነጭ አፈር ዘገንኩ። ሰው ሲቀበር እንደሚደረገው ሣጥኖቹ ላይ በተንኩት። ከዚያ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ፣ ከአባቴ አፍ የሰማሁትን የፍትሐት ዜማ ጀመርኩ። «ዘላለማዊ ይሁን መታሰቢያው» እስከሚለው ደረስኩ፤ ይህ ሦስት ጊዜ ስለሚባል ሦስት ጊዜ አልኩት። በሦስተኛው ድምፄ ተሰበረ። ሚስ ታነር ከመኪናዋ ወርዳ ባርኔጣዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። መንገዱን ወዲያና ወዲህ ታያለች፤ ቢሆንም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ «አመሰግናለሁ» አለችኝ። የምን ምስጋና እንደሆነ አልገባኝም።

«ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ነው የገባው፣» አለኝ ሲዴሪስ፣ ብዙ ዓመት ቆይቶ ሜልቦርን ባለው ወጥ ቤቱ ውስጥ። «አፈርሽ። በሣጥኖቹ መሃል ነው የወረደው። ማስነጠስ አልችልም፣ ማሸት አልችልም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ስሜን ጠራሽ። አየሽ፣ ሰው የራሱን ፍትሐት ሰምቶ አያውቅም። ማን ምን ብሎ እንደሚያለቅስለት አያውቅም። እኔ አውቃለሁ።»

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ኮሎኔሎቹ ወደቁ። አባቴን ሬሳ ስላልተገኘ ለቀቁት፤ መልቀቅ ግን ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። ኦፓል ቆፋሪ ብቻውን አይሠራም። አንዱ ጉድጓድ ሲወርድ ሌላው ከላይ ገመዱን ይይዝለታል። ከዚያ ወዲያ አባቴ ገመዱን እንዲይዝለት የሚፈቅድ አንድም ሰው አልተገኘም፤ የእሱን ገመድ የሚይዝም አልተገኘም። ብቻውን፣ ባልተደገፈ መሰላል፣ ሌሎች በተዉት ጉድጓድ ይወርድ ነበር። እናቴ አፋፉ ላይ ተቀምጣ ሲያስል ትሰማለች፤ የሚያስል ሰው አልሞተም ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሲዴሪስ ወረቀቱን አስተካክሎ በአውቶቡስ መጣ። ወፍሯል፤ አዲስ ጫማ አድርጓል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ጮኼ ወደ ውስጥ ሮጥኩ፤ ስለዚያ ዛሬም ይቀልድብኛል። አባቴ አቅፎት ቆየ። ከዚያ የክርስትና አባቴ «ና፣ ኮስማስ ጋ እንሂድ» አለው።

«ተው፣» አለ አባቴ። «ምን ያደርግልናል።»

«ያንተን ስም ልመልስልህ ነው የመጣሁት። ተነሣ፣ አበልጄ።»

አባቴ ፊቱን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ሸሚዙን እናቴ ቆለፈችለት። አባቴ፣ ሲዴሪስና እኔ ሦስታችን ሄድን። ቅዳሜ ነበር፣ ሱቁ ሞልቷል። ሲዴሪስ በሩ ላይ ሲታይ ባርባ ኮስማስ አማተበ። ሲዴሪስ ሁሉንም ነገራቸው፦ ኮሎኔሎቹን፣ ዋሻውን፣ ሣጥኖቹን፣ የእኔን ፍትሐት ሳይቀር። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ሌላው ስላልሳቀ ተወው። የፎቶግራፉና የጠቋሚው ነገር ሲነሳ ብዙዎች ወደ ብርጭቋቸው አቀረቀሩ፤ ማንኛቸው እንደነበረ ያኔም አልታወቀም።

ነገሩ ሲያልቅ ብራንኮ ተነሣ። ወደ ሲዴሪስ ቀርቦ ፊቱን አየው። የኮቱን እጅጌ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ለቀቀው።

«ሲዴሪስ ነህ፣» አለ።

«ነኝ።»

«በሕይወት አለህ።»

«አለሁ።»

አባቴ ጠረጴዛው ጥግ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ለዓመታት ወረፋ የጠበቀ ሰው ተራው ሊደርስ ሲል ፊቱ እንደዚያ ይሆናል። ብራንኮ ራሱን ነቀነቀ፣ ነቀነቀ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረና በረጋ ድምፅ ጠየቀው።

«ታዲያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ማን ነው?»